ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ያስተማርኩት እንግሊዝኛ

ባለፈው ሳምንት የልጄ የሰናይት ልጅ ከትምህርት ቤት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና የእንግሊዝኛ ቁጥር ታሰማኝ ጀመረች። ሦስት ላይ ስትደርስ ምላሷን በጥርሶቿ መካከል አውጥታ ፊት ለፊቴ ደቀነችው። በእኔ ቤት ልጅ ለትልቅ ሰው ምላስ አያወጣም። እጄ ወደ ጆሮዋ ሲዘረጋ እናቷ ከማድ ቤት ብቅ ብላ፣ «አባባ፣ ተዋት! መምህሯ ናት እንደዚያ በዪ ያለቻት» አለችኝ። እጄን ሰበሰብኩ። ሰናይት ትክክል ነበረች፤ ያ ድምፅ ያለ ምላስ አይወጣም። ይህንን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በሰፈራችን ያለ አይመስለኝም። ልጅቷን «ቀጥዪ» ብዬ እኔ ግን መስማቱን ተውኩት፤ ሐሳቤ ባሕር ተሻግሮ ሄዷል።

ቤሩት የገባሁት በመርከብ ነው። የመርከብ ገመድ ሳቢና ቀለም ቀቢ ነበርኩ። አገር ቤት መንግሥት ሲቀየር መርከባችን የሚያዛት አጥታ ወደብ ላይ ቆመች፤ ጓደኞቼ ወደየፊናቸው ሲበተኑ እኔ ሐምራ በሚባል ሰፈር የአንድ ሕንፃ ናጡር ሆኜ ቀረሁ። ናጡር የሚሉት ዘበኛውንም፣ ደረጃ አጣቢውንም፣ ተላላኪውንም በአንድ ስም ነው። ከደረጃው ሥር አንዲት ክፍል ሰጡኝ። ባለቤቴን ብርቄን ያገኘኋት እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ስትሠራ ነው፤ ሰናይትም የተወለደችው በዚያች ክፍል ሳለን ነው።

የዚያን ጊዜዋ ቤሩት ጦርነቱን ጨርሳ ገና አቧራዋን የምታራግፍ ከተማ ነበረች። ጥይት የበሳው ግድግዳ ላይ አዲስ የሽቶ ማስታወቂያ ይለጠፍ ነበር። መብራት በተራ ነው የሚመጣው፤ ሲጠፋ በየመንገዱ ጀነሬተር ይነሳና ሰው ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማውራት ይጀምራል። ማዳሞቹ ከሰገነት በገመድ ቅርጫት ያወርዳሉ፤ እኔ ዳቦና ጋዜጣ ስከትበት ወደ ላይ ይስቡታል። ሰርቪስ የሚሉት የጋራ ታክሲ አሮጌ መርሴዲስ ነው፤ ሐምራ ተሳፍረህ ዶራ ድረስ ከአራት ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀህ ትሄዳለህ። አንድ ሺህ ሊራ ከፍለህ ትወርድና በግማሹ ደግሞ ዛዕታር የሚሉት ቅመም የተቀባ ትኩስ ቂጣ ትገዛለህ። የእኛ ሴቶች እሑድ እሑድ ማዳሞቻቸው የጣሉላቸውን ትከሻው የተደገፈ ጃኬት ለብሰው፣ ተረከዙ የወፈረ ጫማ ተጫምተው ሲወጡ የባንክ ሹም ይመስሉ ነበር። ደብዳቤ የሚጽፍ ጥቂት ነው፤ ብዙዎቹ ድምፃቸውን በካሴት ቀድተው ነበር ለእናቶቻቸው የሚልኩት። አንዳንዱ ካሴት ላይ ከሰላምታው ኋላ ጀነሬተሩ፣ ሻጩ፣ የማዳሟ ጥሪ ሁሉ አብሮ ይሰማል። ዛሬ ሁሉም በስልኩ ፊት ለፊት ይተያያል። ጥሩ ነው። ግን ያኔ ሰው የሚናገረውን አስቦ ነበር የሚናገረው፤ ካሴቱ ያልቃልና።

እንግሊዝኛን ያስተማረኝ ሰው የለም። ሐምራ አስፋልት ዳር ከሚሸጡ አሮጌ መጻሕፍት መካከል ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ መጽሐፍ ገዛሁ። ድምፃቸው ተቀራራቢ ሆኖ ትርጉማቸው የተራራቀ ቃላት ብቻ የያዘ ነበር። መርከብና በግ፣ መሥራትና በእግር መሄድ፣ መኖርና መልቀቅ፣ ማሰብና መስመጥ። በእኛ ፊደል ብጽፋቸው ማሰብና መስመጥ ሁለቱም «ሲንክ»፣ መኖርና መልቀቅ ሁለቱም «ሊቭ» ሆነው ይቀራሉ፤ ልዩነቱ ያለው አፍ ውስጥ ነው። መጽሐፉ ከንፈር እንዴት እንደሚለጠጥ፣ ምላስ የት እንደሚያርፍ ይናገራል። እኔም በመላጫ መስተዋቴ ፊት ተቀምጬ እለማመድ ነበር። አንድ ቀን ብርቄ በሩን ከፍታ ስትገባ ምላሴን አውጥቼ አገኘችኝ።

«ምነው፣ አመመህ እንዴ?»

«እያሰብኩ ነው» አልኳት። እውነቴን ነበር፤ እያጠናሁት የነበረው ቃል ማሰብ የሚለው ነው።

«ሰው ሲያስብ እንዲህ የሚሆን ከሆነ ባታስብ ይሻልሃል» ብላ ልብሷን ይዛ ወጣች።

የእሑዱ ትምህርት የተጀመረው ናባዓ ውስጥ ነው። ናባዓ በቡርጅ ሐሙድ በኩል ያለ የተጨናነቀ ሰፈር ነው፤ የመብራት ሽቦው ከላይ እንደ ሸረሪት ድር ተጠላልፎ ሰማይ አያሳይም። ከአሠሪ ቤት ወጥተው በግላቸው የሚሠሩ ሴቶች ተሰብስበው ክፍል ይከራያሉ። ከእነሱ አንዷ አልማዝ የምትባል የመርካቶ ልጅ ነበረች፤ ምላሷ ስለት ነው። ብርቄን ታውቃት ስለነበር፣ «ጋሼን ይዘሽልን ነይ፤ ከአረብኛው ጋር እንግሊዝኛም ከቻልን ሐምራ ያሉት የውጭ አገር ሰዎች ቤት እንገባለን» ብላ ለመነቻት። እኔም ሄድኩ። ሥርዓት አወጣሁ። ያረፈደች በር ላይ ትቆማለች። ሳቅ የለም። አረብኛ የለም።

ሁለቱም ክልከላዎች በመጀመሪያው እሑድ ፈረሱ። ዶሮና ማድ ቤት የሚሉትን ቃላት ለዩ ብዬ ስጠይቅ አልማዝ ተነሳች።

«ጋሼ፣ እኔ ያኒ፣ ማዳሜ ‹ችክን› ስትለኝ ዶሮውን አጥባለሁ፣ ‹ኪችን› ስትለኝ ማድ ቤቱን አጥባለሁ። ሳልለይ ስቀር ሁለቱንም አጥባለሁ። ኸላስ፣ ማን ይቆጣኛል?»

«ጊዜሽን ያባክናል» አልኳት።

«ጊዜው የእሷ ነው፤ ምን ቸገረኝ?»

አረብኛው በ«ያኒ» እና በ«ኸላስ» ገብቷል፤ ክፍሉም በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም። ሥራ ሳይለዩ መሥራት ዕድሜ መጨረስ እንደሆነ ነገርኳቸው፤ ዛሬም የማምነው ይህንኑ ነው።

ችግሩ የመጣው ምላስ የሚያስፈልጋቸው ቃላት ላይ ስንደርስ ነው። «ምላሳችሁን በጥርሳችሁ መካከል አድርጉ» አልኳቸው። ሁሉም እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አንዳንዶቹ ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ልጅ የወለዱ ሴቶች ናቸው፤ ግን እኔ ታላቃቸው ነኝ፣ ጋሼ ነኝ፣ የሰው አባት ነኝ። በታላቅ ሰው ፊት ምላስ ማውጣት ስድብ ነው ተብለው አድገዋል። ያሳደጓቸውም እንደ እኔ ያሉ ሰዎች ናቸው። እኔ ራሴ ሰናይትን በዚህ ምክንያት ቆንጥጬ አውቃለሁ። ታዲያ ቤቴ የምከለክለውን ናባዓ መጥቼ በምን አፌ ላዝ? ባላዝ ደግሞ ማሰብ የሚለውን ሁሉ መስመጥ እያሉ ሊቀሩ ነው። ወንበሬን አዞርኩ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አድርጌ ጀርባዬን ሰጠኋቸውና፣ «በሉ አሁን ማንም አያያችሁም፤ እኔ በጆሮዬ አርማለሁ» አልኩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ትምህርታችን በዚህ መንገድ ሆነ። እርጥበት ካበሰበሰው ግድግዳ ጋር ተፋጥጬ፣ ከኋላዬ የሚመጣውን ድምፅ፣ «ድገሚው»፣ «ረዘመ»፣ «ምላስሽ ገባ» እያልኩ አርም ነበር። የአሁን አስተማሪ ቢያየኝ ይስቅብኛል። ይሳቅ። እኛ መከባበራችንን ሳንጥል ተምረናል።

ከኋላዬ ከሚመጡት ድምፆች ሁሉ የጠራው የጥሩነሽ ነበር። ከሰላሌ የመጣች ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ፊቷን በደንብ ያየሁት ስትገባና ስትወጣ ብቻ ነው፤ ያኔም አንገቷን ደፍታ። ድምፅዋን ግን ከመቶ ሰው እለየው ነበር። መኖርና መልቀቅን አንድም ቀን አላምታታችም።

ጥሩነሽ ተራራ ላይ ያለ አንድ ቤት ውስጥ ተቀጥራ ትሠራ ነበር፤ ከዚያ ጠፍታ ነው ናባዓ የመጣችው። ለምን እንደጠፋች ለማንም አልተናገረችም። የአሠሪዎቿን ስም እንኳ ከአፏ ሰምቶ የሚያውቅ የለም፤ የጠራቻቸው ዕለት መጥተው የሚወስዷት ይመስላት ነበር። ፓስፖርቷ እነሱ ዘንድ ነው። እዚያ አገር ኃላፊነቱን ወስዶ የሚያስመዘግብሽ አሠሪ፣ ካፊል የሚሉት፣ ከሌለሽ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የለሽም፤ ኢቃማ ከሌለሽ ደግሞ መንገድ ላይ የቆመ ፖሊስ ሁሉ የሚጠብቀው አንቺን ነው። ጥሩነሽ ሰው ቤት ለማጽዳት ስትሄድ በጓሮ ጓሮ ነበር የምትሄደው። አንድ እሑድ ከትምህርቱ በኋላ ወደኋላ ቀረችና፣ «ጋሼ፣ ደከመኝ» አለችኝ። «ከእንግዲህ ካፊል ካላገኘሁ ጣቢያ ሄጄ እጄን እሰጣለሁ። አስረው ይላኩኝ፤ ባዶ እጄንም ቢሆን ልግባ።»

እስር ቤቱን አይተው የወጡ ሴቶች የሚያወሩትን እኔም እሷም ሰምተናል። «ትንሽ ታገሺ» አልኳት።

በዚያው ሰሞን የሕንፃችን አራተኛ ፎቅ ማዳም አስጠሩኝ። ዕድሜያቸውን በእንግሊዝኛ መምህርነት የፈጁ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው። ጆሯቸው እየደከመ ሄዶ አሁን ሰው የሚረዱት ከንፈር እያዩ ነው። አንድ ልጃቸው በጦርነቱ ጊዜ ሩቅ አገር ሄዶ እዚያው ወልዷል። የልጅ ልጃቸው በየሳምንቱ ትደውላለች፤ አረብኛ አትችልም። ማዳም ደግሞ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ጩኸት ብቻ ነው የሚሰሙት።

«ስልኩን የምትሰማልኝ ልጅ እፈልጋለሁ» አሉኝ። «የልጅ ልጄ የምትለውን ቃል በቃል ሰምታ፣ ፊት ለፊቴ ቆማ፣ በአፏ የምታሳየኝ። ብታሳስትብኝ ግን ወዮላት! ቤቱን ልለቅ ነው ያለችውን እዚያው እኖራለሁ አለች ብላ ብትነግረኝ ምን ይውጠኛል? አንተ ሴቶች ታስተምራለህ አሉ። አንዷን አምጣልኝ። ወረቀት የሌላት ከሆነች ወረቀቷን እኔ አወጣለሁ።»

እሑድ ይህንን ስነግራቸው አልማዝ ዘላ ተነሳች። «አፍ ከሆነማ የሚፈለገው እኔ ነኝ! ከእኔ አፍ የሚበልጥ አፍ ቤሩት ውስጥ አለ?»

«ባለፈው በእንግሊዝኛ አፌን አመመኝ ልትዪ ‹ማውስ› ብለሽ አይጤን አመመኝ ያልሽው አንቺ አይደለሽም?» አለቻት አንዷ።

አልማዝ ሳቀችና ጃኬቷን አውልቃ ለጥሩነሽ አለበሰቻት። «በይ ያላ፣ ሂጂ። ትከሻሽን ከፍ አድርጊ፤ ጃኬቱ ራሱ ግማሹን ይናገርልሻል።»

በማግስቱ ጥሩነሽን ይዤ በሰርቪስ ወደ ሐምራ ሄድን። እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ በሁለት አሮጊቶች መካከል። አንድ ድልድይ ጋ ወታደሮች ቆመው መኪና ያዩ ነበር። ሹፌሩ ዘገም ሲል የኋላ ማሳያው መስተዋት ውስጥ ዓይኗ ብቻ ታየኝ። ወታደሩ አሮጊቶቹን አየና በእጁ ምልክት አሳለፈን።

ማዳም ሳሎናቸው ውስጥ መስኮቱን ከፍተው ብርሃኑ በሚመጣበት በኩል አስቀመጧት፤ ፊቷን ለማየት ነው። ከአሠሪ ቤት ጠፍታ የወጣች መሆኗን አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ፤ እኔ በር አጠገብ ቆምኩ። «ስምሽ ማነው?» አሏት በእንግሊዝኛ። ጥሩነሽ ወንበሩ ጫፍ ላይ ሆና፣ አንገቷን ደፍታ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ መለሰች። መልሱ ትክክል ነው፤ እኔ ሰማሁት። ማዳም ግን ወደ እኔ ዞረው፣ «ምን አለች? የሚታየኝ ጣቷ ብቻ ነው» አሉ።

«እጅሽን አውርጂው» አልኳት በአማርኛ። አወረደች። ከንፈሯ ግን እንደተገጠመ ነው። ማዳም መኖርና መልቀቅን አስጠሯት፤ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ጠራችው። ማሰብ የሚለውን አስጠሯት፤ ምላሷን ከጥርሷ ኋላ ደብቃ በደበዘዘ ድምፅ አለችው።

«ይገባሻል? ትሰሚኛለሽ?» አሏት።

ጥሩነሽ እኛ አዎ ለማለት እንደምናደርገው ትንፋሿን አንዴ ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች። ከእኛ አገር ሰው በቀር ይህ መልስ መሆኑን ማን ያውቃል? ማዳም ደንግጠው ወደ ኋላ አሉ።

«ሹ ባ? ምን ሆነች? አመማት?»

«አዎ ማለቷ ነው፣ ማዳም።»

«አዎ እንዲህ አይባልም! ልጅቷ እየተንቀጠቀጠች ነው። እኔ የምትፈራኝን ሰው ቤቴ አላስገባም። አንተ ነህ የምትመታት?»

«ኧረ በፍጹም!»

«ኸላስ፣ ውሰዳት። ባርዶን፣ ይቅርታ፣ የእኔ ልጅ» አሉና የወንበራቸውን ክንድ ተደግፈው ሊነሱ ሞከሩ።

ጥሩነሽ የሚሆነው ገብቷታል። አልለመነችም፣ አላለቀሰችም። ቀና ብላ አንድ ጊዜ አየችኝና ወዲያው ዓይኗን መለሰች። በዚያች ቅጽበት ነው አቀማመጧን ልብ ያልኩት። ጉልበቷ ወደ ማዳም አልዞረም፤ ወደ እኔ ነው። አንገቷን የደፋችው ለእኔ፣ እጇን አፏ ላይ ያደረገችው ለእኔ ነው። ማዳምን አልፈራችም። ጋሼዋ ቆሞ እያያት ነው። ናባዓ ያለችው ጥሩነሽ ከጀርባዬ ነበር የምትናገረው፤ ፊቴን ለምዳው አታውቅም።

ናጡር ለባለ ቤቱ ጀርባውን አይሰጥም። እኔ ግን ዞርኩ። በሩ አጠገብ ባላቸው የተነሡት ፎቶ ተሰቅሎ ነበር፤ አፍንጫዬ ሊነካው ጥቂት እስኪቀረው ተጠግቼ ፊቴን ወደ ግድግዳው አደረግሁ።

«ምን እየሠራ ነው ይሄ ሰውዬ? ለምን ጀርባውን ይሰጠኛል?» አሉ ማዳም።

«ጥሩነሽ፣» አልኩ ሳልዞር፣ «እኔ የለሁም። በዪ፣ ንገሪያቸው።»

ወንበሩ ወደ ማዳም ሲዞር ሰማሁ። ከዚያ የማውቀው ድምፅ መጣ፤ ግን እንዲያ ከፍ ብሎ ሰምቼው አላውቅም።

«ማዳም፣ አሁን አፌን ያዩታል?» አለች በእንግሊዝኛ።

«አየዋለሁ» አሉ ማዳም። «ቀጥዪ። ከዚያ ቤት ለምን ወጣሽ?»

እኔ ጠይቄያት የማላውቀውን ጠየቋት። እሷም መለሰች። እንግሊዝኛዋ ጥቂት ነበር፤ ግን እያንዳንዱ ቃል በቦታው ገባ። ሥራው በዝቶብኝ አይደለም አለች። ሰዎቹ ለበዓል ሲሄዱ በሩን ከውጭ ቆልፈውብኝ ይሄዱ ነበር። አንድ ቀን ከማድ ቤት ጋዝ ይሸት ጀመር። መስኮቱ ብረት አለው፣ በሩ አይከፈትም። መሬት ላይ ተኝቼ በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ተነፈስኩ። ልኖር ነው ወይስ ልሞት ነው ብዬ አሰብኩ። ሲመለሱ የዚያ ቤት ማዳም ቤቱ ሸተተ ብላ ተቆጣችኝ። በሚቀጥለው ቀን ቆሻሻ ልጥል ስወርድ አልተመለስኩም።

አሰብኩ ስትል ምላሷ በጥርሷ መካከል እንደነበር ሳላይ አውቃለሁ። ስንት እሑድ ሙሉ ያረምኩት ድምፅ ነው። የተማረችው ለዚህ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። ፎቶው ላይ ያሉት ሰውዬ እኔን ያያሉ፣ እኔ እሳቸውን አያለሁ፤ ዓይኔን የሞላውን እንባ ከእሳቸው በቀር ያየው የለም። የዛሬ ልጆች አባቶቻችን ፊታቸውን አይፈቱልንም ይላሉ። ልክ ናቸው፣ አንፈታም። ሰው ሁሉ ግን በፊቱ አይደለም የሚወደው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልናገር። ፓስፖርቱ በቀላሉ አልተገኘም፤ ማዳም ዱላቸውን ይዘው ወደ ተራራው ተመላልሰዋል፣ የሚያውቁትን ሹም ሁሉ አስቸግረዋል። በመጨረሻ ኢቃማዋ ወጣ። ጥሩነሽ እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ በዚያ ቤት ኖረች፤ ኋላም በሕጋዊ ወረቀቷ፣ ቀን በቀን፣ በፊት በር ወጥታ አገሯ ገባች። እኔም ቤተሰቤን ይዤ ተመለስኩ። ጥሩነሽ ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም።

ቤሩትን ሳስብ የሚመጣብኝ ግን ያ ሳሎን ነው። ጥሩነሽ ንግግሯን ስትጨርስ ማዳም ዱላቸውን ወለሉ ላይ አንኳኩ። ከዚያ መስማት የተሳነው ሰው እንደሚናገረው እየጮሁ፣ «ጫማዬ የት አለ? ናጡር፣ ሰርቪስ ጥራልኝ!» አሉ። የጨርቅ ጫማቸውን ወለሉ ላይ ሲጥሉት ሰማሁ። ወንበራቸውን ወደ እሷ ሳቡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እነዚያ ሰዎች ማን ይባላሉ? ቀስ ብለሽ፣ ከንፈርሽን እያሳየሽ ንገሪኝ።»

ከግድግዳው አልዞርኩም። ጥሩነሽ ተነፈሰች፤ ከዚያ ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ከነሰፈራቸው፣ አንድም ፊደል ሳትውጥ ጠራችው።